የእቴቴ ቲማቲም በአራተኛ ፎቅ

ሰፈሩ ሁሉ ክብሪት ይላታል። ስሙን ያወጡላት የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ባልደረቦቿ ናቸው። ስትሰማ ሁለት ቀን አኮረፈች፣ በሦስተኛው ቀን ራሷ በስሙ መቀለድ ጀመረች። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሕመምተኛ አንሶላ ስታፈላ፣ ስትጨምቅና ስታጥፍ ኖራ ጡረታ ወጣች። እጇ በበረኪና ተልጦ አልቋል፣ ምላሷ ግን ምንም አልሆነም። ስትናደድ ታጥባለች። ባሏን የተቆጣች ቀን መጋረጃው ይወርዳል፤ ልጇን የተቆጣች ቀን የሶፋው ልብስ ይገፈፋል። ጎረቤቶቿ ገመዱ ላይ የተሰጣውን አይተው ዛሬ ተረኛው ማን እንደሆነ ይገምታሉ። ቲማቲሞቿ የሞቱባት ሰሞን ግን አንዲት መሐረብ እንኳን አላጠበችም። ይህን ያየ ሰው ነገሩ የወትሮው ዓይነት እንዳልሆነ መጠርጠር ነበረበት።

ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። እሱም ጡረታ ወጥቷል፣ የመሣሪያ ቦርሳው ግን ጡረታ መውጣቱን ማንም አልነገረውም፤ እስካሁን ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር ውስጥ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምታው አታውቅም። ሰው “እንዴት ያለ ጨዋ ባል ነው የሰጠሽ” ሲላት ጥርሷን ትነክሳለች። የእሱን ጨዋነት አብሮት የኖረ ያውቀዋል። ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ አሥራ ሁለት አንሶላ ጠፋ ተብሎ እሷ በተጠረጠረች ጊዜ “ተይው፣ ይበርዳል” አላት። አልተወችውም፤ መጋዘኑን ከላይ እስከ ታች ገልብጣ አንሶላዎቹን ከቀዶ ጥገና ክፍል ጥቅል ውስጥ አወጣችና አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ ከመረቻቸው። የእህቷ ልጅ የእናቱን ጓሮ በሲሚንቶ የሸፈነው ጊዜም ያው ነው፤ “የሰው ግቢ ነው፣ ተይው” አላት። ለእሱ ጠብ ማለት የሚያፈስ ቧንቧ ነው። ቶሎ ደርሶ ይደፍነዋል፣ ዙሪያውን ይጠርጋል፣ ቦርሳውን ይዞ ይሄዳል። ማን እንደሰበረው አይጠይቅም።

ያ ጓሮ የእቴቴ ነበር። እቴቴ የክብሪት ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገቻት እሷ ነች። በጓሮዋ ሌላ ቦታ የማይገኝ ቲማቲም ነበራት። መልኩ አያምርም። ጎኑ የተጨማደደ፣ ትከሻው እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር፣ ልጣጩ ስስ ስለሆነ ገበያ ሳይደርስ የሚፈርጥ ነው፤ ነጋዴ ቢያገኘው ይጥለዋል። የቀመሰው ሰው ግን ዝም ብሎ ሌላ ያነሳል። እቴቴ በየዓመቱ የአንዱን ፍሬ ዘር አጥባ ከደብተር በተቀደደ ገጽ ላይ በየመስመሩ ደርድራ ታደርቅና ገጹን አጥፋ ለታናሿ ትልክላት ነበር። “ዘንድሮ ትከይ” ትላታለች በስልክ። ክብሪትም “ከርሞ” ትላለች። ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አፈር ከየት ይመጣል። አንዱ ገጽ ከቆሻሻ ጋር ተጣለ። ሌላው ጀርባው ላይ የሱቅ ዕቃ ተጽፎበት ገበያ ወጥቶ ቀረ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከርሞ የሚለው ቃል አሥራ አምስት ዓመት ሆነው።

እቴቴ አምና ሞተች። ልጇ ዓመት እንኳን ሳይቆይ ጓሮውን መኪና ማቆሚያ አደረገው። ክብሪት ደርሳ ያየችው ገና ያልደረቀ ሲሚንቶና መሃሉ ላይ የድመት ዱካ ነው። ቤቷ ተመልሳ መሳቢያ መሳቢያውን ስትገለብጥ ከአሮጌ የደመወዝ ወረቀት ሥር አንድ ገጽ ተገኘ። አሥራ አንድ ዘር ነበረበት። አሥራ አንዱንም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ዘጠኝ ቀን ጠበቀች፤ አምስቱ ጫፋቸውን አወጡ። የቀሩት በዚያው ሞቱ።

እነዚህን አምስቱን እንደ ዓይኗ ብሌን ያዘቻቸው። ከቀለም ቀቢ አራት ትልልቅ የቀለም ባልዲ ለመነች፤ አምስተኛው አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ነበር። ባልዲዎቹን በጋለ ምስማር ከታች ስድስት ስድስት ቦታ በሳቻቸው፣ ቆርቆሮውንም በምስማርና በመዶሻ በሳችው፣ ውሃ ከሥር ካልወጣ ሥሩ ይታፈናላ። አፈር በከረጢት እየተሸከመች አራት ፎቅ ወጣች። ሊረዳት የመጣውን ባሏን “ያንተ ወገብ ለቧንቧ ይቀመጥ” ብላ መለሰችው። ችግኞቹ ሲያድጉ እንጨት ተከለችላቸው፣ ግንዳቸውን በአሮጌ የአንሶላ ቅዳጅ ላላ አድርጋ አሰረች፣ በቅጠልና በግንድ መሃል የሚወጣውን ቡቃያ በጥፍሯ ቀነጠሰች። ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምታየው እነሱን ነበር። አበባ ሲያወጡ ልጇ ጋ ደውላ ስለ አበባው ሩብ ሰዓት አወራች፤ ልጇ የደረሰች እርጉዝ ናት፣ እንዴት ነሽ ብሎ የጠየቃት የለም።

ችግሩ የመጣው ከሥር ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ልክ ከእነሱ በታች፣ ቬሎ ሰፊዋ ትኖራለች፤ ሃምሳ የሆናት፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ድምፅዋ ከስፌት መኪናዋ ድምፅ የማይበልጥ ሴት። የተተኮሰ ቬሎዋን በረንዳዋ ላይ ሰቅላ ታናፍሳለች። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ነጭ የሙሽራ ፊት መሸፈኛ በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛ ወጣች። ዳር ዳሩ ላይ የቡና ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ነበሩበት። አልጮኸችም። እትዬ፣ ከባልዲዎቹ ሥር የሆነ ነገር ቢያደርጉልኝ አለቻት። ክብሪት ውሃ ድሮም ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ወደ ላይ ልሰደው ወይ ብላ መለሰች። ባሏ ከኋላ ብቅ አለና እናስተካክለዋለን አለ። እናስተካክለዋለን የምትለው ቃል ከአፉ የማትጠፋ ናት። ክብሪት እየተነጫነጨችም ቢሆን ከየባልዲው ሥር ትሪ አስቀመጠች። ትሪዎቹ ግን አንዳንዴ ይሞሉና ይፈስሱ ነበር።

በዚህ መሃል ልጇ ወለደች። ክብሪት ለአሥር ቀን ልትሄድ ሆነ። ባሏን በረንዳው ላይ አቁማ በየቀኑ ጠዋት ለእያንዳንዱ አንድ ጆግ ውሃ፣ ቅጠሉ ሳይነካ፣ ከግንዱ ሥር ቀስ እያልክ አለችው። ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ደገመላት።

ስትመለስ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ በረንዳ ወጣች። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነዋል፣ ጫፎቻቸው ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ውሃ አላጠጣህም አለችው፤ አጠጥቻለሁ አለ። ትሪዎቹን አየች፤ ደረቅ ናቸው። ልጆቼ ተጠምተው ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡት አለችና እጥፍ አድርጋ አጠጣቻቸው። በማግሥቱም እንዲሁ። ትሪ መድረቁን እንደ መልካም ምልክት ቆጠረችው። በሳምንቱ የመጀመሪያው ባልዲ ሞተ። ግንዱ ሲነካ እንደ በሰበሰ ገመድ ሆኗል። ሁለተኛው በሦስት ቀን ተከተለው። ከዚያ ሦስተኛው፣ ከነፍሬው፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ አረንጓዴ ፍሬዎች ነበሩት፣ አንድ በአንድ ረገፉ።

“እኔ በሌለሁበት ማን ገባ እዚህ?” አለችው ባሏን።

ማንም አልገባም አለ መጀመሪያ። ቆይቶ ሰፊዋ አንድ ቀን መጥታ በረንዳውን አይታ ነበር አለ። ለምን እንደመጣች አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም፤ የፈለገችውን አግኝታ ነበር። በረኪና ናት አለች በልቧ። ሃያ ሰባት ዓመት ከበረኪና ጋር ኖራለች፤ አንድ ኩባያ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ሽታው አፈሩ ውስጥ እንደሌለ አፍንጫዋ ቢነግራትም አፍንጫዋን አልሰማችውም።

እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ወረደች። ባሏ ከኋላ ተከተላትና ደረጃው ወገብ ላይ ቆመ። የሰፊዋ በር ክፍት ነበር፤ አንዲት ሙሽራ ከነእናቷ ልብስ ልትለካ መጥታ በርጩማ ላይ ቆማለች። ሰፊዋ ተንበርክካ የቀሚሱን ጫፍ እየያዘች ስፒል ትወጋለች፤ አምስት ስድስት ስፒል በከንፈሯ ነክሳለች። ክብሪት ደህና ዋላችሁ እንኳን አላለችም። የሟች እህቴን ዘር ገደልሽ አለቻት። ለአንድ ጠብታ ውሃ ብለሽ፣ ለአንድ ቁራጭ ጨርቅ ብለሽ። ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ከእሷ ትከሻ በላይ፣ ደረጃው ላይ የቆመውን ሰውዬ አየች፣ ረዘም አድርጋ፣ አንድ ነገር ይላል ብላ እንደምትጠብቅ። እሱ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ያይ ነበር። ሰፊዋ መናገር ፈልጋ ስፒሎቹን ከከንፈሯ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። ክብሪት ግን አልጠበቀቻትም።

“የሰው ቬሎ ስትሰፊ አርጅተሽ ቀረሽ፤ አንድ ቀን ለብሰሽው አታውቂ። ጠብ ሲልበት ያንገበገበሽ ለዚህ ነው።”

 ሙሽራዋ በርጩማው ላይ እንደቆመች እናቷን ፈለገች። ሰፊዋ የመጨረሻውን ስፒል አወጣች፣ መርፌ መሰኪያው ላይ ሰካችው። “ይውጡልኝ” አለች። ክብሪት ወጣች።  ባሏ ማታ ራት ሲበሉ ውሃ ቀዳላትና “ይበርዳል” አላት።

አራተኛው ባልዲ ከአራት ቀን በኋላ ሞተ። የቀረው የዘይት ቆርቆሮው ብቻ ሆነ። እሱ እንደምንም ቆሟል፤ ከአበባው ሁሉ አንዲት ፍሬ ይዞ ጥጉ ላይ ተደግፏል። ክብሪት የሞቱትን ለመድፋት ጠዋት በረንዳ ወጣች። የመጀመሪያውን ባልዲ ጎተተችው፤ አልነቃነቅ አላት። የሞተ ተክል እንዲህ ይከብዳል ብላ ተገረመች። በጎኑ ስታጋድመው ከላይ ጥቁር ውሃ ተንዘቀዘቀ፣ የሞተ አይጥ የሚሸት ውሃ። አፈሩ ጭቃ ነው። ባልዲውን ደፋችውና ቂጡን ወደ ላይ አዞረችው።

ስድስቱም ቀዳዳ ተደፍኗል። ግራጫ ሲሊኮን፣ ልሙጥ፣ ዳር ዳሩ ተጠርጎ የጸዳ። እያንዳንዱ ድፍን መሃሉ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አለችበት። ክብሪት ያቺን መስመር አወቀቻት። ባሏ ወጣት ሳለ የብረት ማሰሪያ አውራ ጣቱን ጨፍልቆት ሲድን ለሁለት ተሰንጥቆ ቀረ። ሲሊኮን ሲቀባ በመጨረሻ ያንን አውራ ጣቱን ምራቁን አስነክቶ ያለሰልሰዋል። በወጥ ቤቷ፣ በመታጠቢያ ቤቷ፣ በልጇ ቤት፣ እሱ የነካው ቦታ ሁሉ ያቺ መስመር አለች። ሌሎቹን ሦስት ባልዲዎች ገለበጠች። አሥራ ስምንት መስመር። ቆርቆሮውን ቀስ ብላ ጎንበስ አድርጋ አየችው፤ እሱም ከታች ተደፍኗል፣ ግን በግድግዳው በኩል ያለው ጎኑ ዝገት በልቶት አንድ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፤ ባሏ ያላየው ይህን ነው። ውሃው በዚያ በኩል ግድግዳውን ይዞ ጥግ ጥጉን ሲወርድ ነበር። ከአምስቱ አንዱን ያተረፈው ዝገት ነው።

አልጮኸችም። አንዱን ባልዲ ይዛ ሳሎን ገባችና ቁርስ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከዳቦው አጠገብ፣ ቂጡን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው።

“ይህ የማን አውራ ጣት ነው?”

ባልዲውን አየው። “የእኔ ነው።”

“ለምን?”

“ያንጠባጥብ ነበር።”

“ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?”

“ትቆጫለሽ ብዬ።”

ክብሪት ወንበር ሳበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።  ሰፊዋ ለምን እንደመጣች ያኔ ገባት። ራሱ ጠርቷት ነው፣ ጠብታው ቆመ፣ ተስተካከለ ብሎ ሊያሳያት። ሰፊዋ ያንን ቀን ደረጃውን አሻቅባ ስታየው የነበረው ይህን ይናገራል ብላ ነው።

“እሺ፣ ተክል እንደሚሞት አላወቅህም እንበል” አለችው። “ቧንቧ ነው የምታውቀው። ደረጃው ላይ ቆመህ ያንን ስናገር ስትሰማኝ ግን ታውቅ ነበር?”

“ያን ቀን ነው የጠረጠርኩት።”

“ታዲያ?”

እጁን ጠረጴዛው ላይ አገላበጠ። “ይበርዳል ብዬ ነው።”

“አይበርድም!” አለች። “አንድም ቀን በርዶ አያውቅም። አንተ ነህ የማይሞቅህ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ሁሉ አንተን ሰላም ወዳድ፣ እኔን ነገረኛ ሲል ኖረ። ሰላም ወዳድ አይደለህም፣ ፈሪ ነህ። እቴቴ ልጅ ሆኜ አዝላኛለች፤ ከእሷ የቀረኝ አምስት ዘር ነበር። እሱንም እሺ፣ እጅህ አጠፋው፣ ባለማወቅ ነው። ያቺን ሴት ግን እያወቅህ ነው ያስበላሃት። እኔን አፍ አድርገህ፣ አንተ ብረት እያየህ።”

እንዲህ ስትናገር እንባዋ እየወረደ ነበር፤ እንባዋም አናደዳት፣ በእጅጌዋ ጠረገችው።  እሱ ተነሣ። ወደ በሩ ሄደ፣ ከጀርባው የመሣሪያ ቦርሳውን አወረደ። የሰፊዋ የወጥ ቤት ቧንቧ ላልቷል፣ እግረ መንገዴን እሱንም አይላታለሁ፣ እነግራታለሁ አለ። ክብሪት ተነሥታ ቦርሳውን ከእጁ ነጠቀችው።

“ባዶ እጅህን ሂድ” አለችው። “ምንም አትጠግን። በአፍህ ሂድ።”

እጆቹን አየ። የት እንደሚያደርጋቸው የጠፋበት ይመስል ነበር። ከዚያ ወጣ። ክብሪት በሩን ከፍታ ቆማ አዳመጠች። ሲያንኳኳ ሰማች፣ በር ሲከፈት ሰማች፣ ሲዘጋም ሰማች። ከዚያ በኋላ የተሰማ ነገር የለም። ሰዓቷን አየች። አምስት ደቂቃ፣ አሥር፣ ሩብ ሰዓት። ይህ ሰው ይህን ያህል ጊዜ የሚያወራው ከየት አምጥቶ ነው አለች።

ሲመለስ ግንባሩ በላብ ርሷል፣ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ የዋለ ይመስላል። ምን አለችህ አለችው። አስገባችኝ አለ። ሁሉንም ነገርኳት፤ እኔ ነኝ የደፈንኩት፣ ደረጃው ላይም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ አልኳት።

“እሷስ?”

“‘ለዚያ ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ጋሼ’ አለች።”

“ሌላስ?”

ክብሪት እዚህ ላይ የሚመጣውን መልስ በቃሏ ታውቀዋለች። ምንም ይላል፣ ወደ ወንበሩ ይሄዳል፣ ቀኑ ይቀጥላል። እሱ ግን በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

“‘ስለ ቬሎው የተናገሩኝ እርስዎ አይደሉም’ አለች።”

ክብሪት መጀመሪያ በሴትዮዋ ተናደደች። ጉዳዩን አወቀች፣ የማን ጥፋት እንደሆነ ተነገራት፣ ታዲያ ምን ቀራት? ነገር መጎተት ነው እንጂ። ከዚያ በባሏ ተናደደች፣ እሱ በጊዜው ቢናገር ኖሮ እሷ ምን አፏን ያስከፍታት ነበር። ሳሎኑን ሁለቴ ዞረች። የሚታጠብ ነገር ፈለገች፤ መጋረጃውን በእጇ ያዘችና ተወችው። ባሏ የባልዲ ቀዳዳ ደፍኗል፣ አፉንም ዘግቷል፤ ያንን ቃል ግን እሱ አላቀበላትም። በረንዳው ላይ በረኪና ቢፈስ እንኳን ያ ቃል አያስፈልግም ነበር። ደረጃውን ስትወርድ ነው ያዘጋጀችው፣ የት እንደሚያምም አውቃ፣ መርጣ። ይህን ለራሷ ስትነግር ፊቷ ጋለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እውነተኛው ንዴቷ በራሷ ላይ እንደነበረ አሁን አወቀች።

በረንዳ ወጣች። ቆርቆሮው ጥጉ ላይ ነው። አንዲቷ ፍሬ ጎኗ ተጨማድዶ፣ ትከሻዋ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ከታች መቅላት ጀምራለች። መልኳ ቁርጥ የእቴቴ ቲማቲም ነው። ሦስት አራት ቀን ቢጨመርላት ትበስላለች፤ ዘር የሚወጣባት ሌላ ፍሬ የለም። ክብሪት ጎንበስ ብላ በመዳፏ ያዘቻት። ይህን ልውሰድላት አለች ለራሷ፣ ጮክ ብላ። ይህን ስሰጣት ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባታል፣ ብዙ መናገርም አያስፈልግም።

“ባዶ እጅሽን” አለ ባሏ።

በረንዳው በር ላይ ቆሟል። ድምፁ ከፍ አላለም፤ ግን እንደወትሮው ወደ ወለሉ አልወረደም፣ ቀጥታ ወደ እሷ ነው የመጣው። ክብሪት ዞረች። አፏን ከፈተች፤ ለዚህ ሰው የሚሆን አንድ ሺህ ቃል ነበራት። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ አይሆንም ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነው፣ ያውም በራሷ ቃል። ደሟ ፈላ። ይበልጥ ያፈላው ልክ መሆኑ ነው።

ፍሬዋን ለቀቀች። በአጠገቡ አልፋ ወጣች፤ መንገድ ሰጣት። ደረጃውን ስትወርድ ምን እንደምትል አላዘጋጀችም። እጆቿ ይከብዷት ነበር፤ አንዴ አጣጠፈቻቸው፣ አንዴ ቀሚሷ ላይ ጠረገቻቸው። ከበሩ በስተኋላ የስፌት መኪናው ይሮጣል። አንኳኳች፣ መኪናው ቆመ።